የቆየ ሜካኒካል እርሳስ ዕድሜው ከየት ይነበባል?

ጥያቄዎን በአጭሩ ልድገመው። አንድ ሣጥን ሙሉ የቆዩ ሜካኒካል እርሳሶች (ሳይቀረጹ ግራፋይታቸውን ከውስጥ የሚያወጡ) እጅዎ ገብተዋል፤ የማን ሥራ እንደሆኑና በየትኛው ዘመን እንደተሠሩ ማወቅ ይፈልጋሉ፤ ከሁሉ በፊት ግን በብር ማጽጃ ሊያብረቀርቋቸው አስበዋል። እባክዎ ማጽጃውን ያቆዩት። የሚፈልጉት መልስ የተጻፈው ማጽጃው በሚበላው ስስ ገጽ ላይ ነው። ውኃ ውስጥ መዘፍዘፍም አይገባም፤ ከኬሲን (ከወተት ፕሮቲን ከሚገኝ ፕላስቲክ) የተሠራ አካል ውኃ ጠጥቶ ያብጣል። አቧራውን በለስላሳ ጨርቅ ካነሡ ይበቃል። የደበዘዘ ጽሑፍ ካለ መብራቱን ከጎን አድርገው እርሳሱን ቀስ ብለው ያዙሩት፤ ትንፋሽ እፍ ሲሉበትም የጠፋ የመሰለ ፊደል ለአፍታ ብቅ ይላል። በዚህ መንገድ ብዙ እርሳስ አንብቤያለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። አንድ ምልክት ብቻውን ዕድሜ አይነግርም፤ የሚሰጠው ወሰን ነው፤ «ከዚህ ወዲህ ነው» ወይም «ከዚያ ወዲያ አይደለም» ይላል። ሥራው ወሰኖቹን እየሰበሰቡ ማጥበብ ነው። (ዓመታቱን ሁሉ የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

የመጀመሪያው እርሳስዎ ላይ 1915 የሚል የፓተንት ዓመት አይተው «የ1915 ሥራ ነው» ብለዋል። አይደለም ማለቴ አይደለም፤ ቀኑ ግን ያን አያረጋግጥም። የፓተንት ቀን ከዚያ በፊት እንዳልተሠራ ብቻ ይናገራል፤ ፋብሪካዎች ያንኑ ማህተም ለብዙ ዓመታት ይመቱበት ነበር። በቀን ፋንታ ቁጥር ካገኙ ደግሞ ሦስት የአሜሪካ ቁጥሮችን ያስታውሱ፤ 1,000,000ኛው ፓተንት የተሰጠው በ1911፣ 2,000,000ኛው በ1935፣ 3,000,000ኛው በ1961 ነው። በሁለቱ መካከል የወደቀ ቁጥር በግምት የት እንደሚቀመጥ ወዲያው ይታያል። ቁጥሩ የተመታው ክሊፑ ላይ ከሆነ ግን የሚናገረው ስለ ክሊፑ ነው።

ሁለተኛው፣ ባለ ጥቃቅን ማህተሞቹ የብር እርሳስ፣ ልቤን የሳበው እሱ ነው። እንግሊዛዊው የብር እርሳስ ሠሪ ሳምፕሰን ሞርዳን ከጆን አይዛክ ሆኪንስ ጋር በእንግሊዝ የሜካኒካል እርሳስ የፓተንት መብት ያገኘው በ1822 ነው። ሞርዳን የሆኪንስን ድርሻ ገዝቶ ከጌብሪየል ሪድል ጋር ከ1823 እስከ 1837 በሽርክና ሠርቷል። ስለዚህ የሁለቱ ስም የመጀመሪያ ፊደላት፣ «ኤስ ኤም» እና «ጂ አር»፣ ጎን ለጎን ከተመቱ እርሳሱ በእነዚያ ዓመታት ውስጥ የተሠራ ነው። እንዲህ የጠበበ ወሰን ማግኘት ትልቅ ዕድል ነው። ከዚያ በኋላ የሚመጣው «ኤስ ሞርዳን እና ኩባንያው» የሚለው ስም ግን ለረጅም ጊዜ ስለቆየ ብቻውን ብዙ አይረዳም፤ የብር ማህተሞቹን ማየት ያስፈልጋል። የሚራመድ አንበሳ ስተርሊንግ ብር (ከመቶ 92.5 እጁ ንጹሕ ብር) መሆኑን ያሳያል። የነብር ራስ የለንደን፣ መልሕቅ የበርሚንግሃም ነው። የዓመቱን ፊደል (ዓመቱን ለማመልከት የሚመታውን አንድ ፊደል) ማንበብ የሚቻለው ከተማው ከታወቀ በኋላ ነው፤ እያንዳንዱ ከተማ የራሱ የፊደል ዙር ስላለው ያው ፊደል በሁለት ከተሞች ሁለት የተለያዩ ዓመታት ይሆናል። የንጉሥ ወይም የንግሥት ራስ ካለበት ደግሞ ከ1890 በኋላ አይሄድም፤ ያ የቀረጥ ምልክት በዚያ ዓመት ቀርቷል። ትንንሽ እርሳሶች ግን ብዙ ጊዜ የሠሪው ስም ብቻ ነው ያላቸው፤ ማህተም ስለጎደለ ብቻ ሐሰተኛ ነው ብለው አይጣሉት።

ማህተም የሌለውን በቁሱ ይጠይቁት። በአውራ ጣት ፈትገው ሲያሞቁት ድኝ ድኝ የሚሸት ጠንካራ ጎማ ነው፤ ጥቁሩ ወደ ቡናማ ከተለወጠ ይኸው ሌላ ምስክር። ካምፎር የሚሸተው ሴሉሎይድ ነው፤ በእርሳስና በብዕር ላይ የገነነው ከ1920ዎቹ አጋማሽ እስከ 1940ዎቹ ነው። አንዳንዶች በጋለ መርፌ ወግተው እንዲለዩት ይመክራሉ፤ በፍጹም አያድርጉት፤ ሴሉሎይድ በቀላሉ በእሳት ይያያዛል።

የአገር ስምም ጥሩ ወሰን ነው። «ምዕራብ ጀርመን» ከ1949 እስከ 1990፤ «በወረራ ሥር ያለች ጃፓን» የሚለው ጽሑፍ ደግሞ ከጦርነቱ ማብቂያ እስከ 1952 ብቻ። ሣጥኑ ከተገኘ አድራሻውን ይመልከቱ፤ ከአሜሪካ አድራሻ ጎን ባለ አምስት አኃዝ የፖስታ ኮድ ካለ ከ1963 ወዲህ ነው።

ሦስተኛውን፣ በቁልፍ የሚገፋውን ጥቁር እርሳስ፣ የ1940ዎቹ ነው ብለው ገምተዋል። ውስጡ የቀረውን የግራፋይት ስባሪ በካሊፐር ሲለኩት 0.5 ሚሊሜትር ከሆነ ግምቱ ይወድቃል። በሸክላና በግራፋይት የሚሠራው የድሮው ዘንግ እንዲህ ሲቀጥን ይሰበር ነበር፤ ስለዚህ ለረጅም ጊዜ የተለመደው 1.18 ሚሊሜትር ነበር፤ በ1930ዎቹ መጨረሻ 0.9 መጣ። 0.5 የተስፋፋው የጃፓኑ ኩባንያ ፔንቴል በፖሊመር (በፕላስቲክ ዓይነት ቁስ) የሚጠነክር ዘንግ ካወጣ በኋላ፣ በ1960ዎቹ ነው። ወፍራም ዘንግ መያዙ ግን በተቃራኒው አሮጌነቱን አያረጋግጥም፤ 1.18 የሚቀበሉ እርሳሶች ከዚያ በኋላም መሠራታቸው አልቀረም።

አንድ ነገር ልጨምር። የሁለት እርሳሶች ቅሪት ተገጣጥሞ አንድ የሆነበት ብዙ ነው። የክዳኑና የአካሉ የወርቅ ቅብ እኩል አርጅቷል? የመጠምዘዣው ጥርስ ሳይታገል ይገባል? ካልሆነ አካሉን ለብቻ፣ ክዳኑን ለብቻ ይመዝግቡ።

የብሩን እርሳስ ማህተሞች በአጉሊ መነጽር ቀርበው፣ መብራቱን ከጎን አድርገው እንደገና ፎቶ ያንሡልን። ከተማውና ፊደሉ ከታዩ ዓመቱን አብረን እናወጣለን።