«ደመወዝ የለኝም» ያለ አባት ከቀለብ ያመልጣል?

ጥያቄ፦ ጅማ ሄርማታ አካባቢ ነው የምኖረው። የስድስት ዓመት ልጅ አለኝ። ከአባቱ ጋር ሳንፈራረም ሦስት ዓመት አብረን ኖረናል፣ ልጁም የተወለደው ያኔ ነው። ከተለያየን በኋላ በቴሌብር ይልክልኝ ነበር፤ አሁን አቁሟል። ቡና ይነግዳል። «ደመወዝ የለኝ፣ ምኔን ታስቆርጫለሽ?» ይለኛል። በዚያ ላይ በሽማግሌ ፊት 10 ሺህ ብር ሰጥቶኝ «ከእንግዲህ ለልጁ ምንም አልጠይቅም» የሚል ወረቀት ላይ ፈርመናል። ጠበቃ ለመያዝ አቅሙ የለኝም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ ከወረቀቱ ልጀምር። ቀለብ የልጁ መብት ነው። አንቺም ሽማግሌዎቹም ልትተዉለት አትችሉም፣ ስለዚህ ያ ፊርማ ከመክሰስ አያግድሽም። እንዳትቀጂው ግን! ለልጁ ብሎ ገንዘብ መስጠቱን በገዛ ፊርማው ያመነበት ሰነድ ነው፤ ነገ ችሎት ቀርቦ «ልጁን አላውቀውም» ቢል (ይላሉ፣ ስንቱን ሰምቻለሁ) ዳኛው ፊት የምታስቀምጪው እሱን ነው። የቴሌብሩን ዝርዝር፣ የልደት ምስክር ወረቀቱን፣ እንደ ባልና ሚስት መኖራችሁን የሚያውቁ ጎረቤቶችን ጨምሪበት። ሙጥጥ አድርጎ ከካደ ደግሞ የዲኤንኤ ምርመራ እንዲታዘዝ ትጠይቂያለሽ።

አሁን ወደ ደመወዙ። ቀለብ የሚወሰነው የልጁን ፍላጎትና የሰጪውን አቅም አይቶ ነው፣ አቅም ማለት ደግሞ ፔሮል ላይ መፈረም ብቻ አይደለም። ንግድ ፈቃድ አለው? መጋዘን፣ መኪና፣ የሚያከራየው ቤትስ? የምታውቂውን ሁሉ ክሱ ላይ ጻፊ፤ እጅሽ ላይ የሌለውን ማስረጃ ፍርድ ቤቱ ከንግድ ጽሕፈት ቤት፣ ከገቢዎችና ከባንክ እንዲያስቀርብልሽ አመልክቺ። ቡና ነጋዴ ደግሞ ወቅት አለው። በክረምት «ባዶ እጄን ነኝ» ቢልሽ እውነቱን ሊሆን ይችላል፤ ቡናው ሲለቀም ከጥቅምት ጀምሮ ያለውን ግን መላው ጅማ ያውቀዋል፣ ስለዚህ የዓመቱ ገቢ እንዲታይ ጠይቂ። አንቺም የትምህርት ቤት፣ የሕክምናና የቤት ኪራይ ደረሰኝ ያዢ። አጋንነሽ አትጻፊ፣ ዳኛ ያስታውቀዋል። ተፈርዶበት ካልከፈለ ፍርዱ በግድ እንዲፈጸም የአፈጻጸም መዝገብ ትከፍቻለሽ፤ ደመወዝ ባይኖረው የባንክ ሂሳብና መኪና ይኖረዋል።

ክሱን የምታቀርቢው ጅማ ከተማ ወረዳ ፍርድ ቤት ነው። እዚህ የሚሠራው የኦሮሚያ የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 69/1995 ነው። ኢንተርኔት ላይ የሚዞረው 213/1992 የፌዴራሉ ስለሆነ አንቀጹን ገልብጠሽ እንዳትሄጂ። ክሱ በአፋን ኦሮሞ ይጻፋል፤ ቋንቋው ካስቸገረሽ ችሎት ላይ አስተርጓሚ ትጠይቂያለሽ። «ሸሪዓ ፍርድ ቤት እንሂድ» ካለሽ ደግሞ ያ የሚሆነው ሁለታችሁም ከተስማማችሁ ብቻ ነው።

ጠበቃ የግድ አይደለም። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል፤ ክስ ይጽፉልሻል፣ ምክርም አለ። የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ጽሕፈት ቤትም ሂጂ። የዳኝነት ክፍያ ከተጠየቅሽ ከቀበሌ የድህነት ማስረጃ አውጥተሽ በደሃ ደንብ፣ ማለትም ያለ ክፍያ፣ እንዲታይልሽ አመልክቺ።

«አሳስረዋለሁ» የሚሉም አሉ። እውነት ነው፣ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 658 ያለ በቂ ምክንያት ቀለብ የነፈገን ሰው ይቀጣል። እኔ ግን መጀመሪያ በፍትሐ ብሔር ሂጂ እላለሁ። የታሰረ ሰው ቡና አይነግድም፣ ለልጅሽም የሚደርሰው ነገር የለም። አባቱ ልጁን ሊያይ ሲመጣም «መጀመሪያ ክፈል» ብለሽ አትመልሺው፤ ቀለብና ጉብኝት ሌላ ሌላ ናቸው፣ ከከለከልሽው ችሎት ላይ እሱን ይዞ ነው የሚከራከርሽ።

ደግሞ አትዘግዪ። ሳትጠይቂው ያለፈው ጊዜ ቀለብ በቆየ ቁጥር ማስከፈሉ ይከብዳል። ስልክሽ ሳይጠፋ ወይም ሳይበላሽ የቴሌብሩን ዝርዝር በዚህ ሳምንት አሳትሚው።