በዋጋ ንረት ወቅት ወደ ንግድ ሥራ ለምትገቡ ወጣቶች

ውድ ልጆቼ፣

ከመተማና ከቋራ ተጭኖ ጎንደር የሚገባውን ሰሊጥ ለላኪዎች በመግዛት ሥራ ያረጀሁ ሰው ስለሆንሁ፣ ከትምህርት ቤት ወጥታችሁ ወደዚህ ሙያ ለምትገቡት ጥቂት ልበላችሁ።

ዋጋ ሲንር የሚወደደው ዕቃው ብቻ አይደለም፤ ስለ ዕቃው ያለው መረጃም አብሮ ይወደዳል። ገበያው በረጋበት ዓመት አንድ ላኪ በመጋዘኑ ስንት ኩንታል እንዳለው ቢታወቅ ጉዳቱ ያን ያህል አይደለም። ዋጋው በየቀኑ በሚዘልበት ወቅት ግን ላኪው ለውጭ ገዢ ቃል የገባበት የመጫኛ ቀን መቅረቡና ክምችቱ መጉደሉ ከተሰማ፣ አቅራቢው ሁሉ ምርቱን ይዞ ይጠብቀዋል፤ እርሱም በኪሳራ ይገዛል ወይም ውሉን ያፈርሳል። በዚህ ጊዜ ነው ለጸሐፊውም ለመጋዘን ጠባቂውም ግብዣ የሚበዛው።

ይህ በሰሊጥ ብቻ የሚታይ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2008 ሪዮ ቲንቶ የተባለው የማዕድን ኩባንያ ለቻይና ፋብሪካዎች የሚሸጠው የብረት ማዕድን ዓመታዊ ዋጋ እንደ ዓይነቱ ከ80 በመቶ ገደማ እስከ 96.5 በመቶ ጨመረ። በማግሥቱ ዓመት የዓለም ኢኮኖሚ ሲቀዘቅዝ ኩባንያው ከጃፓን ገዢዎች ጋር በ33 በመቶ ቅናሽ ቢስማማም፣ ቻይናውያኑ ቢያንስ 40 በመቶ ካልቀነሰ አንቀበልም አሉ። በጁን 2009 ቻይናልኮ የተባለው የቻይና መንግሥት የአሉሚኒየም ኩባንያ በሪዮ ቲንቶ 19.5 ቢሊዮን ዶላር ሊያፈስስበት የነበረው ስምምነት ፈረሰ፤ በወሩ፣ ጁላይ 5 ቀን፣ የአውስትራሊያ ዜጋ የሆኑት የኩባንያው የሻንጋይ ኃላፊ ስተርን ሁ ከሦስት ባልደረቦቻቸው ጋር ታሰሩ። በመጀመሪያ የተጠረጠሩት የመንግሥት ምስጢር በመስረቅ ነበር፤ ክሱ በኋላ ወደ ጉቦ መቀበልና የንግድ ምስጢር መጣስ ዝቅ ቢልም፣ በማርች 2010 በስተርን ሁ ላይ የ10 ዓመት እስራት ተፈረደ፤ ኩባንያውም አራቱንም አሰናበተ።

ብዙዎች እስሩን እንደ ቻይና በቀል አዩት። የቀኖቹ መቀራረብ ጥርጣሬ ቢያጭርም፣ ስተርን ሁ የጉቦውን ክስ በከፊል ማመናቸውን የሚያነሣው ሰው ግን ጥቂት ነው። እኔን ከሁሉ ይልቅ ያሳሰበኝ ሌላው ነገር ነው፤ የቻይና ፋብሪካዎቹ በአብዛኛው የመንግሥት በመሆናቸው በድርድር የሚቀበሉት የመጨረሻ ዋጋ የነጋዴ ምስጢር ነው ወይስ የአገር ምስጢር የሚለውን የሚወስነው ተደራዳሪው ሳይሆን ከሳሹ ነበር። አሜሪካም ብትሆን የኢኮኖሚ ስለላን እ.ኤ.አ. በ1996 በወጣ ሕግ በወንጀል ትቀጣለች፤ እ.ኤ.አ. በ2014 ደግሞ አልኮአንና ዩኤስ ስቲልን ጨምሮ የአሜሪካ ድርጅቶችን ኮምፒዩተር ሰብረዋል ብላ አምስት የቻይና ጦር መኮንኖችን ከስሳለች። በመንግሥታት መካከል እንዲህ ያለ ቁጣ ሲነሣ ቀድሞ የሚጎዳው በመካከል ያለው ተቀጣሪ ነው።

ስለዚህ ልጆቼ፣ ገበያውን በግልጽ ከሚገኘው መረጃ እወቁት። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2000 ዓ.ም. ሥራ ከመጀመሩ በፊት አዲስ አበባ ወሬ የሚያቀብለው ዘመድ ያለው ነጋዴ ከሌላው ይቀድም ነበር (ዘመድ ያልነበረን ሰዎች ይህን አንረሳውም)፤ ዛሬ የዕለቱ ዋጋ በሰሌዳም በስልክም ይነገራል። የሱዳንንና የሕንድን አዝመራ፣ ከዋና ገዢዎቻችን አንዷ የሆነችውን የቻይናን ፍላጎት፣ እስከ ጅቡቲ ያለውን የጭነት ዋጋ በየሳምንቱ የሚመዘግብ ወጣት ከማንም ጸሐፊ ወረቀት መግዛት አያስፈልገውም። በዚህ መንገድ ላገኘው እውቀትም ማንም ሊከሰው አይችልም።

የውጭ ገዢ ስለ ድርጅታችሁ ክምችት በወዳጅነት ሲጠይቃችሁ ወደ ሥራ አስኪያጁ ምሩት። ስጦታ ሲመጣላችሁ፣ ትንሽም ቢሆን፣ በጽሑፍ አስታውቁ። የሥራ ውል ስትፈርሙም ስለ ምስጢር የሚናገረውን አንቀጽ አንብቡ፤ ከሌለ ደግሞ ምን መናገር እንደተፈቀደላችሁ በግልጽ እንዲጻፍላችሁ ሳታፍሩ ጠይቁ።