አጥንቱ የቀነሰው ኢምፕላንት ወይስ ድዱ የሚደማው?

ጥያቄ፦ በታችኛው መንጋጋዬ ሁለት ኢምፕላንቶች (አጥንት ውስጥ የሚተከሉ ሰው ሠራሽ የጥርስ ሥሮች) አሉኝ። የግራው ከ9 ዓመት በፊት የተተከለ የቀድሞ ዓይነት ሲሆን ጥርሱ በብሎን የታሰረ ነው። የቀኙ አዲስ ዓይነት ነው፤ 2 ዓመቱ ሲሆን ጥርሱ በሲሚንቶ ተጣብቋል። በራጅ ሲታይ የግራው አጥንት 1.8 ሚሊ ሜትር ዝቅ ብሏል። የቀኙ አጥንት ደህና ነው ተብያለሁ፤ ስቦርሸው ግን ይደማል። ግራውን አስነቅዬ በዚርኮኒያ፣ ማለትም በነጩ የሴራሚክ ኢምፕላንት፣ ላስቀይረው?

መልስ፦ አያስነቅሉት። እኔን ያሳሰበኝ የቀኙ ነው።

በቀድሞው ዓይነት ኢምፕላንቱና በላዩ የሚታሰረው ማያያዣ ስፋታቸው እኩል ነው፤ የሚገጥሙትም አጥንቱ ጫፍ ላይ ነው። በመጋጠሚያው ዓይን የማያየው ክፍተት ስላለ ባክቴሪያ ይሰፍርበታል፤ አጥንቱም ይሸሸዋል። በመጀመሪያው ዓመት እስከ 1.5 ሚሊ ሜትር፣ ከዚያ በኋላ በዓመት ከ0.2 ያነሰ መቀነስ ለረጅም ጊዜ እንደ ጤነኛ ሲቆጠር ኖሯል። በዚህ ስሌት 9 ዓመት ወደ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ይፈቅዳል። በአዲሱ ዓይነት ማያያዣው ከኢምፕላንቱ አንገት ስለሚጠብ ክፍተቱ ከአጥንቱ ርቆ ወደ ውስጥ ይገባል፤ አጥንቱ አብዛኛውን ጊዜ የተሻለ የሚቆየው ለዚህ ነው። ስለዚህ ግራውን ከቀኙ ጋር አያወዳድሩት። ጥርሱ በተገጠመበት ጊዜ ከተነሣው የራሱ ራጅ ጋር ያስተያዩት። ቅነሳው የድሮ ከሆነና ከቆመ፣ ድዱም ካልደማ፣ ይተዉት።

ወደ ቀኙ ልመለስ። ራጅ የሚያሳየው በፊትና በኋላ ጎን ያለውን አጥንት ብቻ ነው፤ በጉንጭና በምላስ በኩል ያለውን ኢምፕላንቱ ይጋርደዋል። «ደህና ነው» የሚለውን ቃል በዚህ ልክ ይውሰዱት። ደግሞም በተፈጥሮ ጥርስ ዙሪያ የድድ ክሮች ሥሩ ውስጥ ተተክለው ይይዛሉ፤ በኢምፕላንት ዙሪያ ግን ጎን ለጎን ያልፋሉ እንጂ አይተከሉበትም። እብጠቱ ቶሎ ወደ ታች ይወርዳል። ድዱ ብቻ ከታመመ ይድናል፤ የጠፋ አጥንት ግን በራሱ አይመለስም።

እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው ሲሚንቶውን ነው። ጥርሱ ሲጣበቅ ተርፎ ከድድ ሥር የገባ ፍርፋሪ ከዓመታት በኋላም ያስቆጣል፤ አንዳንዱ ሲሚንቶ ደግሞ በራጅ ጭራሽ አይታይም። ሐኪምዎ በቀጭን መለኪያ ዘንግ ዙሪያውን በቀስታ ይለካልዎ፤ መግል መኖሩንና ኪሱ (በድዱና በኢምፕላንቱ መካከል ያለው ክፍተት) ከቀድሞው መጥለቁን ይመልከት፤ ፍርፋሪም ካለ ያውጣው። ለዚህ ሲባል ጥርሱን ማንሣት ቢያስፈልግ አይከፉ።

ስለ ዚርኮኒያ ባጭሩ፦ ነጭ ስለሆነ በስስ ድድ ውስጥ አይጠቁርም፤ ቆሻሻም በመጠኑ ያንስበታል። ነገር ግን የመሰበር ስጋት አለበት፤ ለረጅም ዓመታት የተፈተነውም አብዛኛው ኢምፕላንት እንደሚሠራበት ብረት እንደ ቲታኒየም አይደለም። ከአጥንት ጋር የተዋሐደ ጤነኛ ኢምፕላንት ሲነቀል ደግሞ አጥንት ይዞ ሊወጣ ይችላል።

እስከ ቀጠሮዎ ደም ፈርተው መቦረሽ አያቁሙ። በየማታው ሽቦው በፕላስቲክ የተሸፈነ የጥርስ መሃል ብሩሽ ያሳልፉበት። የሚያጨሱ ወይም ስኳር ያለብዎ ከሆነ ለሐኪሙ አይደብቁ። መግል ካዩ ወይም ጥርሱ ከተነቃነቀ ቀጠሮ አይጠብቁ፤ ብዙ ጊዜ የሚነቃነቀው የላላ ብሎን ወይም የለቀቀ ሲሚንቶ ነው፤ ኢምፕላንቱ ራሱ ከሆነ ግን ከአጥንቱ ተላቅቋል ማለት ነው።