ንብ የሚነጥቀው ዝንብ ማን ነው?

በሐዋሳ ዳርቻ ንብ የሚያንቡ አንባቢያችን፣ ከቀፎዎቻቸው ፊት ለፊት ባለ ደረቅ እንጨት ላይ እየተቀመጠ ንቦችን በአየር ላይ የሚነጥቅ ረጅም ፀጉራም ዝንብ እንዳገኙ ጽፈውልናል። አንዱ በሆዱ ጫፍ ላይ ነጭ ፀጉር አለው፤ የሌላው ጫፍ ጥቁርና ሹል ነው። ሁለት ዝርያዎች ናቸው ወይ? የስልክ መተግበሪያቸው የሰጣቸው «ማሎፎራ» የሚለው ስምስ ትክክል ነው ወይ?

በመተግበሪያው ስም ልጀምር። ማሎፎራ በአሜሪካ አህጉራት ብቻ የሚገኝ ወገን (የተቀራረቡ ዝርያዎች ስብስብ) ስለሆነ ሐዋሳ ላይ ሊሆን አይችልም፤ እንዲህ ያለ ስሕተት የሚመጣው ሌሎች ነፍሳትን እየነጠቁ የሚበሉት ዘራፊ ዝንቦች ከላይ በተነሣ ፎቶ ብዙዎቹ ስለሚመሳሰሉ ነው። አሲሊዴ የሚባለው የዘራፊ ዝንቦች ቤተሰብ ከ7,000 በላይ የታወቁ ዝርያዎች አሉት።

ስለዚህ በቅድሚያ ቤተሰቡን ያረጋግጡ። ዝንቡን ከፊት ሲያዩት በሁለቱ ትልልቅ ዓይኖች መካከል የራሱ አናት ወደ ውስጥ ጎድጎድ ያለ ነው፤ ከአፉ በላይም ጠንካራ ፀጉር እንደ ጢም ተሰብስቦ ይገኛል። ክንፎቹ ሁለት ብቻ መሆናቸውን ይመልከቱ፤ አራት ከሆኑ የያዙት ንብ አዳኝ ተርብ ነው።

ዋናው ማስረጃ ያለው ክንፉ ላይ ስለሆነ እዚህ ጊዜ ይውሰዱ። ክንፉን ከነጭ ወረቀት በላይ ዘርግተው በአጉሊ መነጽር ሲመለከቱ፣ በፊተኛው ጠርዝ አጠገብ ያለው፣ በክንፉ ሥሮች (በላዩ በሚታዩት መስመሮች) የታጠረው ረጅም ክፍል ወደ ክንፉ ጫፍ ሳይደርስ ተዘግቶ ካገኙትና አንቴናውም በቀጭን ፀጉር መሳይ ጫፍ ካበቃ፣ አሲሊኔ የሚባለውን ንዑስ ቤተሰብ ያስቡ። ከዚያ በታች ወደ ጫፉ አቅጣጫ በሥሮች የታጠሩት ክፍሎች ሁለት ሳይሆኑ ሦስት ከሆኑ፣ በአፍሪካ የሚገኘው ፕሮማከስ የተባለው ወገን በብርቱ ይጠረጠራል። አንቴናው ደንደን ያለና ያለ ቀጭን ጫፍ ከሆነ፣ አካሉም እንጨት ቦርቧሪ ንብ የሚመስል ጥቁርና ወፍራም ከሆነ ግን፣ ያንን ንብ የሚመስለውን ሃይፐሬኪያ የተባለውን ወገን ማሰብ ይገባል።

ስለ ነጩ ፀጉር፦ ሁለት ዝርያ ነው ብለው አይቸኩሉ። በአንዳንድ የፕሮማከስ ዝርያዎች ወንዱ የመራቢያ አካሉ ላይ ተሰብስቦ የበቀለ ነጭ ፀጉር አለው፤ ሴቷ ደግሞ በሹል የእንቁላል መጣያ ትጨርሳለች። እኔም በጀማሪነቴ የአንድን ዝርያ ጥንድ ሁለት ስም ሰጥቼ ለብቻ ለብቻ አስቀምጬ ነበር። ሲጣበቁ ካዩ ሁለቱንም በአንድነት ይያዙ፤ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ የለም።

የዝርያው ስም ግን በፎቶ አይወሰንም፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚለየው የወንዱ የመራቢያ አካል በማይክሮስኮፕ ሲታይ ነው። ስለዚህ ወንድና ሴት ይዘው ፍሪዘር ውስጥ ያሳድሯቸው፣ በደረታቸው በስተቀኝ በስፒል ይውጓቸው፣ ቦታውን፣ ቀኑንና የሰብሳቢውን ስም በትንሽ ወረቀት ጽፈው ከሥራቸው ይሰኩ። ዝንቡ የያዛትን ንብም አይጣሏት፤ እዚያው ስፒል ላይ አብራ ትሰካ። ናሙናው በነፍሳት ጥናት ላይ ለሚሠራ ባለሙያ እስኪደርስ ድረስ፣ የክንፉና የአንቴናው ምልክቶች ከተስማሙ፣ ፕሮማከስ ብቻ ብለው መጻፍ በቂና ትክክለኛ ነው።

ፀረ ተባይ ለመርጨት አስበው ከሆነ ይተዉት፤ መድኃኒቱ ከዝንቡ ይልቅ ንቦችዎን ይጎዳል። የሚቀመጥበትን ደረቅ እንጨት ማንሣትና ዝንቡን በመረብ መያዝ ይሻላል።