ቡናውን ቆልታችሁ ሂዱ

ባለፈው እሁድ፣ እዚህ አሜሪካ ሜሪላንድ ውስጥ፣ ከቅዳሴ በኋላ አንድ አባት ክንዴን ይዘው ወደ መኪና ማቆሚያው ጥግ ወሰዱኝ። ልጃቸው ከቤታቸው ሁለት ሰዓት ከምናምን የሚያስነዳ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ተቀብሏታል፤ ዶርም መያዝ ትፈልጋለች። «የሁለት ዓመት ኮሌጅ እኮ ነው ሲስተር! ሞንትጎመሪ ኮሌጅ እዚሁ አፍንጫችን ስር እያለ፣ ለአልጋ ብር የምከፍለው ምን ሆኜ ነው?» አሉኝ። ልጅቷ ከኋላቸው ቆማለች። ዓይኗ ስልኳ ላይ ነው፤ ጆሮዋ ግን እኛ ጋ ነበር።

እዚያው ቆሜ የምመልሰው ነገር አልነበረም። ነርስ ሆኜ ከ20 ዓመት በላይ ሠርቻለሁ። መነሻዬ ግን ልክ እንደዚህ ያለ የኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ዶርም ነው። ስለዚህ ለእሷም ለእኩዮቿም ቁጭ ብዬ ልጻፍ አልኩ። አባትየውም ቢያነቡት አልጠላም።

አባትየው አልተሳሳቱም። ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ሲባል ለአብዛኞቻችን ትዝ የሚለን ትልቅ የመኪና ማቆሚያ ነው፤ ተምሮ፣ መኪና አስነስቶ፣ ወደ ሥራ መሮጥ። ሞንትጎመሪም፣ ሰሜን ቨርጂኒያ ያለው ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ኖቫም ዶርም የላቸውም። ጆልየት፣ ኢሊኖይ ላይ የመጀመሪያው የመንግሥት ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ በ1901 ሲከፈት ሐሳቡ ራሱ ልጅ ከቤቱ ሳይርቅ እንዲማር ነበር። ገጠር ሲገባ ግን ነገሩ ይለያል። እዚሁ ሜሪላንድ ውስጥ፣ ተራራማው ምዕራብ ጫፍ ላይ፣ ኩምበርላንድ ያለው አሌጋኒ ኮሌጅም ጋሬት ኮሌጅም ዶርም አላቸው። ካንሳስ፣ አዮዋና ዋዮሚንግ ደግሞ የተለመደ ነው፤ አገሩ ሰፊ፣ ክረምቱ ክፉ ነው፣ በየቀኑ ተነድቶ አይቻልም። በቅርቡ ኪራይ ሰማይ ሲነካ ካሊፎርኒያዎችም ገብተውበታል። ኦሬንጅ ኮስት ኮሌጅ በ2020፣ ሳንታ ሮዛ ጁኒየር ኮሌጅ በ2023 አዲስ የተማሪ መኖሪያ ከፍተዋል።

እኔ የገባሁት በ1998 ነው። ዲቪ ደርሶኝ ከመጣሁ ዓመት አልሞላኝም። የአጎቴ ልጅ ሳሎን ውስጥ ሶፋ ላይ ነበር የምተኛው፤ እንግዳ ካልሄደ አልተኛም ማለት ነው። በከተማው ኮሌጅ የነርሲንግ ተራ ረጅም ነበር። ሚድዌስት ውስጥ ያለ አንድ ትንሽ ኮሌጅ ግን «ነይ» አለኝ። ስሙን ልተወው። ከመስኮቴ የሚታየው የበቆሎ ማሳ ነበር፤ በቆሎው ሲታጨድ ደግሞ ምንም አይታይም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ዶርም የሚሸጠው አልጋ እንዳይመስላችሁ። የሚሸጠው ሰዓት ነው። ሐበሻ ቤት ውስጥ የሚማር ልጅ የቤቱ አስተርጓሚ ነው፤ ከባንክ የመጣውን ደብዳቤ አንባቢ፣ የትንሽ ወንድሙ ሞግዚት፣ የእንግዳ አስተናጋጅ ነው። «አንዴ ብቻ ይቺን እይልኝ» ይባላል። አንዴዋ ምሽቱን ይዛው ትሄዳለች። ማንም ክፉ አይደለም፤ ቤት እንዲህ ነው። ዶርም ውስጥ ግን ከምሽቱ 2 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት ማንም አይጠራችሁም። ቤተ መጻሕፍቱ በእግር አምስት ደቂቃ ነው። አስጠኚው ቱተር ያለበትም ሕንፃ እንደዚያው። ለእነዚያ ሦስት ሰዓታት ነው የምትከፍሉት።

እንግዲህ ቤታችሁ ጸጥ ያለ ጠረጴዛ ካለና ኮሌጁ ሃያ ደቂቃ ቢሆን፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ቤት ተቀመጡ። ገንዘቡን ለአራት ዓመቱ ኮሌጅ አስቀምጡት። ከቤት ለመሸሽ ብቻ ዶርም የገቡ ልጆች አይቻለሁ። ፈረንጆቹ ዓርብ ዓርብ ቤታቸው ሲሄዱ፣ እነሱ ደግሞ ዲሲ ለመምጣት አውቶቡስ ላይ ናቸው። እንዲህ ከሆነ ለምን ይከፈላል?

እኔ ያንን ሰዓት ገዝቼ መልሼ ሸጥኩት። ይሄን ሳልደብቅ ልንገራችሁ። ሁለተኛው ሴሚስተር ላይ ነርሲንግ ሆም ውስጥ የሌሊት ሥራ ያዝኩ። አገር ቤት ብር መላክ ነበረብኝ፤ አትላኪ ያለኝም የለም። ከምሽቱ 5 ሰዓት እገባለሁ፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት እወጣለሁ፣ 2 ሰዓት ላይ አናቶሚ አለ። አንድ ቀን ላብራቶሪ ውስጥ የጭን አጥንት በእጄ እንደያዝኩ እንቅልፍ ወሰደኝ። አጥንቱ ወድቆ ሲንኳኳ ነው የነቃሁት። አስተማሪያችን ምንም አላሉም፤ አንስተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። ኮርሱን ወደቅኩ። በዚያ ትንሽ ኮሌጅ ኮርሱ በዓመት አንዴ ነበር የሚሰጠው። ሁለት ዓመቱ ሦስት ሆነ፤ የሦስተኛው ዓመት ዶርም ደግሞ በሌሊት ሥራ ካገኘሁት ሁሉ በለጠ። ሥራ ካስፈለጋችሁ ወርክ ስተዲ የሚባለውን የግቢ ውስጥ የተማሪ ሥራ ጠይቁ፤ ቤተ መጻሕፍት፣ ጂም፣ ቢሮ። ደሞዙ ትንሽ ነው፤ ግን ፈተና ሲደርስ ፈተና መሆኑን የሚያውቁ ሰዎች ናቸው የሚያሠሯችሁ።

ውሉን አንብቡ። ውል ስል «ተስማምቻለሁ» የምትለዋን ሳጥን ተጭናችሁ የምታልፉትን ማለቴ ነው። አብዛኛው የዶርም ውል ለሙሉ የትምህርት ዓመት ነው። ጥር ላይ ሰልችቶኛል ብላችሁ ብትወጡ ሒሳቡ ሊከተላችሁ ይችላል። ብዙ ቦታ ዶርም ለመኖር ሙሉ ጊዜ፣ ማለትም 12 ክሬዲት መያዝ ግድ ነው። ከብዶኛል ብላችሁ አንድ ኮርስ ስትጥሉ ከ12 በታች ከወረዳችሁ አልጋውም የገንዘብ እርዳታውም አብረው ሊነኩ ይችላሉ። ኮርሱን ከመጣላችሁ በፊት አማካሪውን ጠይቁ፤ ከጣላችሁ በኋላ መጠየቅ ዋጋ የለውም።

እኔ ውሉን ባለማንበቤ ምን እንደገጠመኝ ልንገራችሁ። በመጀመሪያው ዓመት የታንክስጊቪንግ ዋዜማ፣ እኩለ ቀን ላይ፣ የፎቃችን አር ኤ፣ ማለትም ዶርሙን የምትቆጣጠረው ተማሪ፣ በሬን አንኳኳች። «መቼ ነው የምትሄጂው?» አለችኝ። «የት?» አልኳት። ዶርሙ እስከ እሁድ ይዘጋል። ወረቀቱ ላይ አለ፣ ፈርሜበታለሁ። የክፍል ጓደኛዬ ቦርሳዋን እየዘጋች ነበር። ከእርሻ ቤት የመጣች፣ ብዙ የማታወራ ልጅ ናት። እኔን አየችኝ፣ አር ኤዋን አየች፣ «ከእኛ ጋ ትመጣለች» አለች። አባቷ ውጭ ፒካፕ መኪናቸው ውስጥ ሞተር ሳያጠፉ ይጠብቃሉ።

ችግሩ ጾመ ነቢያት ገብቷል። ያ ሁሉ ሰው የበዓሉን ቱርክ ዶሮ ከቦ ተቀምጧል፤ እኔ በቆሎና ዳቦ እበላለሁ። ድንቹ ቅቤና ወተት አለበት። በዚያን ጊዜው እንግሊዝኛዬ ጾምን ላስረዳ ሞከርኩ፤ የገባው ሰው ያለ አልመሰለኝም። በማግስቱ ጠዋት እናትየው በዘይት የተጠበሰ ድንች ለብቻዬ አቀረቡልኝ። ጎኑ ላይ የዘይት ጠርሙሱን አስቀምጠዋል፤ ስሙን እንዳነብ አዙረውታል። ዛሬም ድረስ በየዓመቱ ካርድ እልክላቸዋለሁ። እናንተ ግን በሰው ቸርነት አትተማመኑ። ዶርሙ የሚዘጋባቸውን ቀናት ከመስከረም ጀምራችሁ ስልካችሁ ላይ መዝግቡ። የምትሄዱበት ከሌለ ቀድማችሁ ለመኖሪያ ቢሮው ንገሩ፤ አንዳንዱ ኮሌጅ ለሚቀሩ ተማሪዎች የሚያደርገው ዝግጅት አለ።

ምግብ ካነሳን አይቀር፣ ሚል ፕላን፣ ማለትም ቀድሞ የሚከፈለውን የካፌ ምግብ፣ ከመግዛታችሁ በፊት ካፌውን ሄዳችሁ እዩ። ሁዳዴ 55 ቀን ነው፤ በፒዛና በሀምበርገር አይጾምም። ረመዳን የምትጾሙ ደግሞ የምታፈጥሩት ካፌው ሲዘጋ ሊሆን ይችላል። ሰው እንዳላችሁ ካላወቁ ምንም አያደርጉም፤ ከተናገራችሁ ግን የሚያስቀምጡላችሁ ካፌዎች አሉ። ስንቸገር ዝም የምንል ሕዝብ ነን፤ ይሄ ጠባይ ካፌ ውስጥ አይጠቅምም።

አገር ቤት ዩኒቨርሲቲ ዶርም የኖራችሁ ደግሞ አንድ ነገር ያስደነግጣችኋል። እዚያ ስድስት ስምንት ሆናችሁ በተደራራቢ አልጋ ስትኖሩ፣ ብትፈልጉም ብትጠሉም ሰው አለ። ስታለቅሱም ስትስቁም ምስክር አለ። እዚህ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ኮሪደሩ ባዶ ነው። የልብስ ማጠቢያ ማሽኑ ብቻ ይጮኻል። ያ ዝምታ ያልተዘጋጀበትን ሰው ይሰብራል። ከዚያ በላይ ከከበዳችሁ፣ እንቅልፍና ምግብ እምቢ ካላችሁ፣ ወደ ካውንስሊንግ፣ ማለትም የምክር አገልግሎት፣ ቢሮው ሂዱ። ብዙ ኮሌጅ ውስጥ ነጻ ነው፤ እብድ ተብሎ የሚመዘግባችሁም የለም። ነርስ ሆኜ ነው የምነግራችሁ።

ነርስነቴ ከመጣ አንድ ልጨምር። የማጅራት ገትር ክትባት ተከተቡ። ሜሪላንድን ጨምሮ ብዙ ስቴቶች ዶርም የሚገባን ተማሪ ይጠይቁታል፤ ላለመከተብ የሚፈረም ወረቀትም አለ። አትፈርሙት። በሽታው ተቀራርቦ በሚኖር ሰው መሃል መዛመት ይወዳል፤ ሲመጣም በሰዓታት ነው የሚጥለው።

ገንዘቡን በአጭሩ። ግሪን ካርድ ወይም ዜግነት ያላችሁ ፋፍሳ የሚባለውን የፌዴራል የትምህርት እርዳታ ማመልከቻ ሙሉ። በተማሪ ቪዛ የመጣችሁ አይመለከታችሁም። በ2025–26 ከፍተኛው ፔል ግራንት፣ የማይመለሰው የመንግሥት እርዳታ፣ 7,395 ዶላር ነው። በብዙ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ የነዋሪው የትምህርት ክፍያ ከዚህ ስለሚያንስ የተረፈው ለዶርምና ለምግብ ሊውል ይችላል። ከሌላ ካውንቲ ወይም ስቴት ከሆናችሁ ግን ክፍያው ይጨምራል፤ ትርፉም ላይኖር ይችላል። ዶርም እንደምትገቡ ለገንዘብ እርዳታ (ፋይናንሻል ኤይድ) ቢሮው ንገሩ፤ ከወላጅ ጋር የሚኖርና ግቢ ውስጥ የሚኖር ተማሪ የሚታሰብላቸው ወጪ አንድ አይደለም። ፔል በዕድሜ ልክ ለ12 ሙሉ ሴሚስተር ያህል ብቻ ነው የሚሰጠው። እዚህ ስድስቱን ከጨረሳችሁ ለቀጣዩ ኮሌጅ የቀራችሁ ስድስት ነው። ሁለተኛው ዓመት ላይ ስትደርሱ አር ኤ ለመሆን አመልክቱ፤ በብዙ ቦታ ክፍሉ በነጻ ወይም በቅናሽ ይሆናል።

አሁን ቡናው። አንድ ቅዳሜ ማታ፣ ጥር ወር ላይ፣ ናፍቆቱ ሲያንገላታኝ ባለ አንድ ዓይን የኤሌክትሪክ ምድጃ ከአልጋዬ ስር አወጣሁ። ክልክል ነው፤ አውቃለሁ። መስኮቱን ከፈትኩ፣ በሩ ስር ፎጣ ጎዘጎዝኩ፣ ቡናውን መቁላት ጀመርኩ። ገና ሲንጣጣ የጭስ ማንቂያው ጮኸ። የእኔ ክፍል ብቻ አይደለም፤ ሕንፃው በሙሉ። ስልሳ የሚሆን ሰው በፒጃማና በብርድ ልብስ በረዶ ላይ ቆመ። አንዱ ልጅ ፀጉሩ ላይ ሳሙና አለበት። የእሳት አደጋ መኪና መጣ። አንድ ግዙፍ ሰውዬ መጥበሻዬን ይዞ ወጣና በሰው ሁሉ ፊት አሸተተው። «ይሄ ቡና ነው እንዴ?» አለ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ምድጃው ተወረሰ፣ ቅጣት ከፈልኩ። በሳምንቱ ከላይኛው ፎቅ ሦስት ልጆች መጥተው በሬን አንኳኩ። ያንን ቡና መቅመስ ይፈልጋሉ። አንደኛው ያ ባለ ሳሙናው ነበር። ከዚያ በኋላ ዓርብ ማታ ብቻዬን ሆኜ አላውቅም ማለት እችላለሁ። ስለዚህ እጣንም፣ ሻማም፣ ምድጃም አትውሰዱ። ቡናውን ግን ቤት ቁሉት፣ ፍጩት፣ ክዳኑ በደንብ በሚገጥም ዕቃ አድርጉት። በራሱ የሚጠፋ የውሃ ማፍያ ብዙ ዶርም ይፈቀዳል፤ ዝርዝሩን ግን እዩት።

ትናንት ማታ ያቺ ልጅ ደወለችልኝ። አባቷ እሺ ብለዋል። ምን ልያዝ አለችኝ። ለሻወር ነጠላ ጫማ፣ የጆሮ መድፈኛ፣ በርበሬ በጠርሙስ፣ የተቆላ ቡና አልኳት። እየጻፈች እንደሆነ ይሰማኛል።

«ጀበናውስ?» አለችኝ።

ጀበናው ይሂድ። በሹራብ ጠቅልዪው አልኳት።