መስመሩን ትንሽ ብታጎብጠውስ?

ውድ ልጆቼ፣

ባለፈው ሳምንት ከዚራ፣ ባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት ቆመን ስናወራ ለትምህርት ሕንድ ልትሄዱ መሆኑን ነገራችሁኝ። ከመካከላችሁ አንዱ «ጋሼ፣ እርስዎ ቻንዲጋር የሚባለውን ከተማ አይተዋል አሉ፤ ምን ምኑን እንይ?» ብሎ ጠየቀኝ። እዚያው ቆሜ መመለስ አቃተኝ። ሌሎች ልጆችም ያነቡት ይሆናል ብዬ ቁጭ ብዬ ጻፍኩት።

ከቻንዲጋር በፊት ግን ስለ አንድ ዛፍ ልንገራችሁ።

ድሬ ላይ ቅየሳ የጀመርኩት ጢሜ በቅጡ ሳያቀመቅም ነው። የመቀየሻ መሣሪያዬን፣ ቴዎዶላይቱን፣ ተሸክሜ ስወጣ ከተማው በሙሉ የእኔ ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን መንገድ ለማስፋት መስመር እንዳወጣ ታዘዝኩ። ገመዱን ወጠርኩ፣ ችካሌን ተከልኩ። መስመሩ ቀጥ ብሎ ሄዶ አንድ ትልቅ የድሬዳዋ ዛፍ ግንድ ላይ አረፈ። ዛፉን ታውቁታላችሁ፤ ሙቀቱ ሲበረታ እሳት የመሰለ ቀይ አበባ የሚያብበው ነው። ዘሩ የመጣው ከማዳጋስካር ነው። ያገራችን ሰው ግን በእኛ ከተማ ስም ይጠራዋል። ከሥሩ አንዲት እናት ጀበና ጥደው ቡና ይሸጡ ነበር። ግንዱ ላይ በቀይ ቀለም ምልክት አደረግኩበት። በሦስተኛው ቀን ተቆረጠ።

እኚያ እናት አልጮሁም፣ አልተሳደቡም። በርጩማቸውንና የከሰል ምድጃቸውን ይዘው ሲሄዱ አጠገቤ ቆም አሉና «ልጄ፣ መስመሩን ትንሽ ብታጎብጠው ምን ነበረበት?» አሉኝ። ምንም አልነበረበትም። ሁለት ሜትር ዞር ማለት ይበቃ ነበር። አላሰብኩትም። ይኸው ከዚያ ወዲህ ስንትና ስንት ዓመት ሆነው፤ በዚያ መንገድ ባለፍኩ ቁጥር ዓይኔ ቦታውን ይፈልጋል።

ቻንዲጋርም የሄድኩት ይህን ይዤ ነው። ለአጭር ሥልጠና ዴልሂ ነበርኩ። እሑድ ማለዳ ባቡር ተሳፈርኩ፤ ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ ይወስዳል። ወሩ ግንቦት ነው። ድሬ ተወልዶ ያደገ ሰው ሙቀት አይፈራም፤ የዚያን ቀኑ ግን እኔንም አስጨንቆኛል።

ስለ ከተማዋ አመጣጥ ትንሽ ልበል። የምጠቅሳቸው የሕንድ ዓመታት በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው። በ1947 ሕንድና ፓኪስታን ሲለያዩ ፑንጃብ ለሁለት ተከፈለች። ዋና ከተማዋ ላሆር ለፓኪስታን ደረሰች። በሕንድ በኩል የቀረው ፑንጃብ ያለ ዋና ከተማ ቀረ። ቤት ንብረቱን ጥሎ የተሰደደው ሕዝብ ደግሞ ስፍር ቁጥር አልነበረውም። ስለዚህ ከሺቫሊክ ተራሮች ግርጌ፣ የእርሻ መንደሮች በነበሩበት ሜዳ ላይ፣ አዲስ ከተማ ይሠራ ተባለ። መጀመሪያ ፕላኑን የያዙት አልበርት ማየር የተባለ አሜሪካዊና ማቲው ኖቪትስኪ የተባለ ፖላንዳዊ ነበሩ። የማየር ፕላን ጎበጥ ጎበጥ ያሉ መንገዶች ነበሩት። ኖቪትስኪ በ1950 በአውሮፕላን አደጋ ሞተ። በእነሱ እግር ለ ኮርቡዚዬ የተባለው ዝነኛ አርክቴክት ከአጎቱ ልጅ ከፒየር ዣንሬ ጋር መጣ። ማክስዌል ፍራይና ጄን ድሩ የሚባሉ እንግሊዛውያን ባልና ሚስትም አብረው ነበሩ። ለ ኮርቡዚዬ የማየርን ጎባጣ መንገዶች አቃናቸው። ይህን ሳነብ የቡናዋ እናት ፊቴ ድቅን አሉ።

ቢሆንም የተቃናው ነገር መጥፎ ነው አልላችሁም። ቻንዲጋር ሴክተር በሚሏቸው ሰፈሮች የተከፋፈለች ናት። አንዱ ሴክተር ወርዱ 800፣ ቁመቱ 1,200 ሜትር ነው። ትምህርት ቤቱ፣ ሱቁ፣ መናፈሻው እዚያው ውስጥ ነው። የመኖሪያ ቤት በር ወደ ትልቁ የመኪና መንገድ አይከፈትም። ሕፃን ልጅ ዳቦ ለመግዛት ሲላክ ትልቁን አስፋልት መሻገር የለበትም። አንድ ሴክተር መርጣችሁ ከዳር እስከ ዳር በእግራችሁ ሂዱበት። ባጃጅ አትያዙ። ባጃጁ እዚያም ሞልቷል፤ የተሠራውም እዚያው ሕንድ ነው። ግን ከተማ የሚገባችሁ እግራችሁ ሲደክም ነው።

እኛም እኮ በፕላን የተሠራ ከተማ ልጆች ነን። ባቡሩ ከጅቡቲ ተነስቶ ድሬ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ነው። ሐረር ድረስ ተራራውን መውጣት ስላልተቻለ ከታች ከሜዳው ቆመ። ከተማችን የተወለደችው እንዲህ ነው። ከዚራን ፈረንሳዮቹ በቀጥታ መስመር አወጡት፣ ግራና ቀኙን ዛፍ ተከሉበት። ከደቻቱ ወንዝ ማዶ ያለው መጋላ ደግሞ ሰዉ በራሱ አካሄድ የሠራው ነው። እናንተ ሁለቱንም ስትረግጡ ነው ያደጋችሁት። ለዚህ ነው ቻንዲጋርን ስታዩ ከብዙ ጎብኚ የተሻለ ዓይን ይኖራችኋል የምላችሁ።

ከተማዋን ከቀኑ 6 ሰዓት ላይ እዩዋት። ጠዋትና ማታ ሁሉም ከተማ ያምራል። ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን ጥላ የት እንዳለና የት እንደሌለ ይታያል። የቻንዲጋር መንገዶች ጥላ አላቸው። ራንዳዋ የሚባል ትልቅ ባለሥልጣን ነበር፣ ዛፍ የሚወድ፣ ስለ ዛፍ የጻፈ። የትኛው መንገድ ላይ የትኛው ዛፍ ይተከል ተብሎ በእሱ ዘመን በደንብ ታስቦበታል። ኒሙን ወዲያው አወቅኩት። ትንሽ ራቅ ስል መንገዱ ሁሉ ቀይ ሆነብኝ። የድሬዳዋ ዛፍ! እነሱ ጉልሞሃር ይሉታል። ከሥሩ አንድ ሰውዬ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ጫማ ይሰፋል። የረገፈው አበባ ትከሻው ላይ አርፎ አላራገፈውም። ብዙ ቆሜ አየሁት። ልቤ ተነካ፣ ደብቄ ምን ይጠቅመኛል።

ትልልቆቹ የመንግሥት ሕንፃዎች ካፒቶል የሚባለው ግቢ ውስጥ ናቸው። በአስጎብኚ ብቻ ስለሚገባ ፓስፖርታችሁን ያዙ። ዩኔስኮ በ2016 የዓለም ቅርስ ብሎ መዝግቦታል። የፍርድ ቤቱን ጣራ ልብ ብላችሁ እዩ። ከታችኛው ጣራ በላይ ሌላ ጣራ እንደ ጃንጥላ ተዘርግቷል፤ በመሐል ንፋስ ያልፋል። ይህ ለኛ አገርም የሚሆን ሐሳብ ነው። የተዘረጋ መዳፍ ቅርጽ ያለው 26 ሜትር ሐውልትም ንፋሱ ሲነካው ይዞራል። በሕንፃዎቹ መካከል ያለውን ሜዳ ግን አልወደድኩትም። ሰፊ ነው፣ ባዶ ነው፣ ጥላ የለውም። ሥዕሉ ላይ አምሮ ይሆናል። በዚያ ፀሐይ እሱን የሚሻገር አያት ግን አልታየኝም።

የጽጌረዳው መናፈሻ ዝነኛ ነው። በግንቦት ግን አበባው አልፏል፤ የካቲት ላይ ብትሄዱ ይሻላል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ቻንዲጋር የተሠራችው በሁለት ደረቅ ወንዞች መካከል ነው። እነሱ ቾ ይሏቸዋል። ክረምት ጎርፍ፣ በጋ አሸዋ። ልክ እንደኛ ደቻቱ። አንዲት ትንሽ ቾ ደግሞ ከተማውን መሐል ለመሐል ቆርጣ ታልፍ ነበር። መሬቱን ሸርሽራ ገደል ገደል አድርጋዋለች። ቀያሽ ሆናችሁ ይህን ብታገኙ ምን ታደርጋላችሁ? እኔ በወጣትነቴ ብሆን ሞልቼ እደለድለው ነበር። እነሱ ግን ገደሉን እንደ ጎበጠ ተዉት። ሣር አለበሱት፣ ዛፍ ተከሉበት፣ የእግር መንገድ አወጡበት። የመዝናኛ ሸለቆ ይሉታል፤ ሴክተር ከሴክተር እያያያዘ ረጅም መንገድ ይሄዳል። ያ ሁሉ ቀጥታ መስመር ባለበት ከተማ ሰው ማታ ማታ የሚሄደው ወደ ጎባጣው ነው። አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ ቆጠርኳቸው። ሽማግሌው፣ ነፍሰ ጡሯ፣ መጽሐፍ የያዘው ተማሪ፣ ሁሉም እዚያ ነው።

ደቻቱን አሰብኩ። ሐምሌ 1998 ዓ.ም. ሌሊት ከላይ ከደጋው የወረደው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ወስዶብናል። እናንተ ያኔ ገና ሕፃን ነበራችሁ፣ ወይም አልተወለዳችሁም። ከዚያ በኋላ የመከላከያ ግንብ ተሠራ፤ መሠራቱም ተገቢ ነበር። እኔ የምለው፣ ደረቅ ወንዝ ደረቅ መሬት አይደለም። ቦታው የውኃው ነው። ውኃው በማይመጣበት ወራት ግን የልጆችና የዛፍ ሊሆን ይችላል። ይህን በገዛ ዓይናችሁ እዩትና ካሜራችሁን ሳይሆን ሜትራችሁን አውጡ። ስፋቱን፣ ጥልቀቱን፣ ዛፉ ከዳሩ ምን ያህል ርቆ እንደተተከለ ለኩ።

ሱክና ሐይቅም የዚህ ታሪክ አካል ነው። በ1958 ከወንዞቹ አንዱን ገድበው የሠሩት ነው። ተራራው ተራቁቶ ስለነበር ደለል እየወረደ ሐይቁን ሊሞላው ደርሶ ነበር። ከላይ ደን ተከሉ፣ ትንንሽ ክትር ሠሩ። ከታች ደግሞ የከተማው ነዋሪ ራሱ ወጥቶ ደለል ሲዝቅ ኖሯል። ተማሪው፣ ጡረተኛው፣ ቅርጫት ይዞ። የፒየር ዣንሬ አስከሬን ከተቃጠለ በኋላ አመዱ የተበተነው እዚህ ውኃ ላይ ነው። የአጎቱ ልጅ ዝናውን ወሰደ፤ እሱ ግን እስከ 1965 እዚያው ኖሮ ሥራውን ጨረሰ። ስሙን ያዙልኝ።

ይኸው ዣንሬ ለመሥሪያ ቤቶቹ ወንበር ነድፎ ነበር፤ ከእንጨትና ከሽመል የተሠራ ቀላል ወንበር። ከዓመታት በኋላ አረጀ ተብሎ ጓሮ ተጣለ፣ ተከመረ፣ እንደ ቁራሌው ዕቃ በጨረታ ተሸጠ። የገዙት ነጋዴዎች አድሰው አውሮፓ ውስጥ በብዙ ሺህ ገንዘብ ቸበቸቡት። ይህን ስሰማ የኛ የድሮው ባቡር መጠገኛ ትዝ አለኝ። ማሽኖቹ ዛሬም ቆመዋል። ከመሄዳችሁ በፊት ገብታችሁ እዩዋቸው፤ ደህና ፎቶም አንሷቸው።

ኔክ ቻንድን ለመጨረሻ ያቆየሁት ስለምወደው ነው። የመንገድ ሥራ ተቆጣጣሪ ነበር፤ ከእኔ ሥራ ብዙም የማይርቅ። መንደሩ ፓኪስታን ውስጥ ስለቀረ ተሰዶ የመጣ ሰው ነው። ከተማዋ ስትሠራ የድሮ መንደሮች ፈረሱ፣ ፍርስራሹ በየቦታው ተከመረ። እሱ ከ1957 ጀምሮ ስብርባሪውን በብስክሌት እየለቀመ፣ ግንባታ በተከለከለበት ጫካ ውስጥ ደብቆ ሐውልት መሥራት ጀመረ። የተሰበረ ሸክላ፣ የሴቶች የእጅ አምባር፣ የመታጠቢያ ቤት ሰድር። ከሥራ በኋላ፣ ማታ ማታ፣ ብቻውን። ወደ 18 ዓመት ገደማ ማንም አላወቀበትም። ሲደረስበት በሕጉ መሠረት መፍረስ ነበረበት። አላፈረሱትም። በ1976 ለሕዝብ ተከፈተ፤ ለእሱም ደመወዝና ሠራተኛ ተሰጠው። ኋላ ደግሞ ሊነካ ሲል የከተማው ሰው እጅ ለእጅ ተያይዞ ከማፍረሻው ማሽን ፊት ቆመ።

እዚያ ስትገቡ በሮቹ አጫጭር ናቸው። ጎንበስ ሳይሉ ማለፍ አይቻልም። እኔ ወገቤን እያመመኝ ጎንበስ ብዬ ገባሁ። ቀና ስል ከተሰባበረ አምባር የተሠሩ ሴቶች ተሰልፈው ቆመዋል፤ አረንጓዴ፣ ቀይ፣ ሰማያዊ። አንዷ እንስራ ተሸክማለች። ከሥሯ የቆመች አንዲት ሕንዳዊት አሮጊት አምባሮቹን በጣቷ እየዳሰሰች ለልጅ ልጇ የሆነ ነገር ትነግረዋለች። ቋንቋውን አላውቀውም። የምታወራው ስለ ድሮ መንደሯ መሰለኝ።

አንድ የምጨምረው አለ። የከተማዋን ጉድለትም እዩ። ሴክተር 45 ውስጥ ቡሬል የሚባል የድሮ መንደር አለ፤ ከተማው ከቦት ቀርቷል። መንገዱ ጠባብ፣ ሽቦው የተጠላለፈ፣ ሰዉ የተጨናነቀ ነው። ገብቼ ሳየው መጋላ የገባሁ መሰለኝ። ቅመሙ ይሸታል፣ ሻዩ ይፈላል፣ ሱቁ ውስጥ ጨዋታው ደርቷል። ፕላን አውጪዎቹ ለእነዚህ ሰዎች በቂ ነገር አላሰቡም፤ በዚህ አዝኛለሁ። እንደዚያም ሆኖ አንድ ሻይ ሻጭ የሀገሬን ስም ጠይቆኝ ሒሳብ አልቀበልም አለኝ።

እንግዲህ ውኃ ያዙ፣ ኮፍያ አትርሱ። ካፒቶልን በጠዋት ጨርሱ፣ ቀትር ላይ መንገዶቹን፣ አመሻሹ ላይ ሸለቆውን። ለኔክ ቻንድ ግማሽ ቀን ስጡት።

ከመሄዳችሁ በፊት ግን አንድ ቅዳሜ ስጡኝ። ከባቡር ጣቢያው ተነስተን ደቻቱ ድልድይ ድረስ በ6 ሰዓት በእግር እንሄዳለን። የስንት እርምጃ ጥላ እንዳለን ቆጥረን እንጽፋለን፤ እናንተም ቻንዲጋር ስትደርሱ እንደዚያው ትቆጥራላችሁ። ዛፉ የነበረበትንም ቦታ አሳያችኋለሁ። ሜትሩን እኔ አመጣለሁ።