የሠርጉ ካሴት ለምን ቀለም አጣ?

ጥያቄ፦ ወንድሜ በ1988 ዓ.ም. አሜሪካ ውስጥ ሲያገባ የተቀረጸውን የሠርግ ካሴት ልኮልን ነበር። ጎረቤታችን ዘንድ በነበረው፣ የማንኛውንም አገር ካሴት ያጫውታል በተባለ ዴክ ብንሞክረው ምስሉ ጥቁርና ነጭ ሆነ፤ ያለማቋረጥ እየተንከባለለም አላሳይ አለን። ተበላሽቷል ብለን ቁም ሣጥን ውስጥ አኖርነው። በቅርቡ አንድ ሱቅ ወስጄ ወደ ኮምፒዩተር ሳስገለብጠው ግን ቀለሙ ደኅና ሆኖ ወጣ። ሆኖም እስክስታ በሚወረድበት ቦታ የሰዎቹ ትከሻ እንደ ሚዶ ጥርስ ይሰነጣጠቃል፤ ወደ መጨረሻው ደግሞ ድምፁና የከንፈር እንቅስቃሴው አይገጥሙም። ጥፋቱ የካሴቱ ነው ወይስ የሱቁ? (አንባቢ፣ ከደሴ)

መልስ፦ ካሴትዎ ያኔም ጤነኛ ነበር፣ አሁንም ጤነኛ ነው። ያኔ የታየው ችግር ካሴቱና ቴሌቪዥኑ የተለያየ የመስመርና የምስል ቆጠራ የሚከተሉ በመሆናቸው የመጣ ነው፤ የአሁኑ ደግሞ ገልባጩ ለዚያ ቆጠራ ባለመጠንቀቁ የመጣ ይመስላል።

በአሮጌው ቴሌቪዥን ምስል በአንድ ጊዜ ሙሉውን አይመጣም። በአንዲት ሽቦ ላይ ከፍና ዝቅ የሚል ቮልቴጅ ሆኖ፣ መጽሐፍ እንደሚነበበው ከግራ ወደ ቀኝ፣ መስመር በመስመር ይሣላል። በኢትዮጵያ በተለመደው የፓል ሥርዓት አንዱ መስመር 64 ማይክሮ ሰከንድ ይፈጃል፤ ከዚህ ውስጥ ምስል የሚይዘው 52ቱ ያህል ሲሆን፣ ቀሪው ምስሉን የሚሥለው ጨረር ወደ ግራ ጠርዝ የሚመለስበትና ለቴሌቪዥኑ «አዲስ መስመር ጀምር» የሚል ምት የሚላክበት ነው። ሙሉው ምስል 625 መስመር አለው፤ በሰከንድም 25 ምስል ይላካል። የአሜሪካው ኤን ቲ ኤስ ሲ ግን 525 መስመርና በሰከንድ 30 ገደማ ምስል ነው። በሰከንድ 25 ጊዜ ብቻ የሚበራ ስክሪን ዓይንን ይረብሻል፤ 50 ሙሉ ምስል እንዳይላክ ደግሞ የሞገዱ ስፋት አይበቃም። ስለዚህ መሐንዲሶቹ እያንዳንዱን ምስል ለሁለት ከፈሉት፤ መጀመሪያ 1ኛ፣ 3ኛ፣ 5ኛ እያለ የሚሄደው ግማሽ ይላካል፣ ቀጥሎ 2ኛ፣ 4ኛ፣ 6ኛ የሚለው በመካከሉ ይገባል። ይህ ግማሽ ምስል ፊልድ ይባላል። በእኛ 50፣ በአሜሪካ 60 ፊልድ የሆነውም በዘፈቀደ ሳይሆን በየአገሩ የኤሌክትሪክ መስመር ድግግሞሽ ተለክቶ ነው፤ ሁለቱ ካልተስማሙ በቀደምት ቴሌቪዥኖች ስክሪን ላይ የጥላ ሰንበር እየተሳበ ያስቸግር ነበር።

የጎረቤትዎ ዴክ ካሴቱን በትክክል አንብቦታል። ተራ የፓል ዴክ ቢሆን ኖሮ በሰከንድ 33.35 ሚሊ ሜትር መሄድ ያለበትን ቴፕ በ23.39 ያስኬደውና የሙሽራው ድምፅ እንኳ ጎርንኖ ይሰማችሁ ነበር። ችግሩ ዴኩ የሰጠውን ቴሌቪዥኑ አለማወቁ ነው። 50 ሲጠብቅ 60 ስለመጣበት የምስሉን ጫፍ መያዝ አቅቶት አንከባለለው። ከኋላቸው የቨርቲካል ማስተካከያ ቁልፍ የነበራቸው ቴሌቪዥኖች ትዝ ይሉዎት ይሆናል፤ የሚነካው ይህንኑ ቆጠራ ነበር። (ጎኑን በጥፊ መምታት ግን ለዚህ በሽታ ምንም አይፈይድም ነበር።)

የቀለሙ ነገር የበለጠ ይገርማል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1953 የቀለም ሥርዓቷን ስታጸድቅ በየቤቱ ያለው ጥቁርና ነጭ ቴሌቪዥን ከጥቅም ውጪ እንዳይሆን የግድ ነበር። ስለዚህ ዋናው ሲግናል ብርሃንን ብቻ እንዲይዝ ተደረገ፤ እርሱም 30 በመቶ ቀይ፣ 59 በመቶ አረንጓዴና 11 በመቶ ሰማያዊ ተቀምሞ የተሠራ ነው፤ ዓይናችን ከሦስቱ ለአረንጓዴ ይበልጥ ንቁ ነውና። ቀለሙ በዚህ ላይ እንደ ተጨማሪ ጭነት ተፈናጠጠ፤ በአሜሪካ በ3.58 ሜጋ ኸርዝ፣ በፓል በ4.43። የእናንተ ቴሌቪዥን በለመደው ቦታ ቀለም ፈልጎ ሲያጣ፣ የማይረባ ቀለም ከመርጨት ብሎ የቀለሙን ክፍል ዘጋና በብርሃኑ ብቻ ሣለላችሁ። ፓልን እ.ኤ.አ. በ1963 ያስተዋወቀው የቴሌፉንከን ኩባንያው ጀርመናዊ መሐንዲስ ቫልተር ብሩኽም መሠረቱን ከአሜሪካው ወስዶ፣ ከቀለሙ ክፍሎች አንዱን በየመስመሩ እየገለበጠ በመላክ የአንዱ መስመር ስሕተት በቀጣዩ እንዲጣፋ አደረገ እንጂ አዲስ ዓለም አልፈጠረም።

አሁን ወደ እስክስታው እንምጣ። በካሴቱ ላይ ያሉት ሁለት ተከታታይ ፊልዶች በአንድ ቅጽበት የተነሡ አይደሉም፤ በመካከላቸው የሰከንድ 60ኛ ክፍል አለ። ቆሞ ለሚነሣ ሚዜ ይህ ምንም አይደለም። የእስክስታ ትከሻ ግን በዚያች ቅጽበት ቦታውን ስለሚለቅ፣ ሁለቱ ፊልዶች በኮምፒዩተር ስክሪን ላይ አብረው ሲለጠፉ አንዱ መስመር ትከሻውን እዚህ፣ ቀጣዩ እዚያ ያሳያል፤ የሚዶው ጥርስ ይህ ነው። መድኃኒቱ ዲኢንተርሌስ ማድረግ፣ ማለትም የተጠላለፉትን ሁለት ፊልዶች መለያየት ነው። ብዙ ሱቆች ግማሹን ፊልድ ጥለው ይገላገላሉ፤ ጥርሱ ይጠፋል፣ እስክስታውም አብሮ ይደነዝዛል። እኔ የምመክርዎ እያንዳንዱ ፊልድ የራሱ ሙሉ ምስል ሆኖ በሰከንድ 59.94 እንዲወጣ እንዲያዝዙ ነው።

የድምፁ ምክንያት ሳይሆን አይቀርም የምለው ከ60 የጎደለችው ይህችው 0.06 ናት። የቀለሙ ሞገድ ከድምፁ ሞገድ ጋር ተጋጭቶ ምስሉን እንዳይረብሽ ሲባል የአሜሪካው ቁጥር ከ30 ወደ 29.97 ዝቅ ተደርጓል። ገልባጩ «30» ብሎ ሞልቶ ከሆነ ምስሉ በሰዓት 3.6 ሰከንድ ያህል ድምፁን ይቀድማል፤ ሁለት ሰዓት በሚፈጅ ሠርግ ከ7 ሰከንድ በላይ ማለት ነው። ልዩነቱ ቀስ በቀስ እያደገ ከሄደ ፋይሉን ወደ 29.97 ማስተካከል ይበቃል። በአንድ ቦታ ድንገት የሚዘል ከሆነ ግን በግልበጣው ጊዜ ምስሎች ተንጠባጥበዋልና ካሴቱ እንደገና መገልበጥ አለበት። የፋይሉንም ቁመት ይዩት፤ 480 መስመር (ከ525ቱ ምስል የሚይዘው ክፍል) ከሆነ እንደተቀረጸ ነው፣ 576 ከሆነ ወደ ፓል ተለውጦ ሊሆን ስለሚችል ሱቁን ያልተለወጠውን ቅጂ ይጠይቁት።